ቦቢ ጆንስና መምህሩ

፩

ትምህርት ወደ ሰው የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ጆሮ ነው፤ ሁለተኛውም በር ዐይን ነው። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝም ወደ ግራ ሲመላለስ እያየ ያድጋል። አባቱ ብዙ ቃል አይነግረውም። ነገር ግን ልጁ ጐልምሶ ከሸማው ፊት በተቀመጠ ጊዜ እጁ የአባቱን እጅ ይመስላል። ያየውን ነገር ሰውነቱ ጠብቆ አኑሮታልና።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ የምናነብበው ታሪክ በዐይኑ ተምሮ ስሙ በብዙ አገር የታወቀ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው በትንሽነቱ መልካም መምህር አገኘ፤ እጁም ቶሎ ተማረ። ልቡ ግን እስኪማር ድረስ ብዙ ዓመት ፈጀበት። እናንተም ስታነቡ፥ ከመምህሩ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ መምህሩም ሊሰጠው ያልቻለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይታችሁ ተመልከቱ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪

ይህ ሰው የታወቀበት ጨዋታ ጎልፍ ይባላል። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ልጅ ጎልፍን ለመረዳት አይቸገርም። በገና ጨዋታ ብዙ ሰዎች ስለ አንድ ሩር ይሻማሉ። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ትንሽ ኳስ ብቻ ይመታል፤ የሚቀማውም የለም። በሰፊ መስክ ላይ 18 ትንንሽ ጉድጓዶች ተራርቀው ይቈፈራሉ። ተጫዋቹም ኳሱን በዱላ እየመታ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ይሄዳል። በመንገዱ ላይ አሸዋ፥ ውሃ፥ ረጅም ሣርና ዛፍ ይገኛል። ኳሱን ከሌሎቹ ይልቅ በጥቂት ምት ወደ ጉድጓዶቹ ሁሉ ያገባ ሰው ያሸንፋል።

ነገሩ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ኳሱ አይሸሽም፥ ተጫዋቹንም ቆሞ ይጠብቃልና። ነገር ግን ዱላው ረጅም፥ ኳሱም ትንሽ ስለ ሆነ፥ በእጅና በእግር ላይ የተደረገች ጥቂት ስሕተት ኳሱን ከመንገዱ እጅግ አርቃ ትጥለዋለች። ስለዚህ የጨዋታው ሙያ ሁሉ ያለው በአመታት ላይ ነው። አመታት ማለት ዱላው ከኳሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እስኪሄድ፥ ከትከሻም በላይ እስኪወጣ፥ ዳግመኛም ወርዶ ኳሱን መትቶ እስኪያልፍ ድረስ ያለው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው።

በዚያ ዘመን የዱላው እጀታ ሂከሪ ከሚባል እንጨት ይሠራ ነበር። ይህ እንጨት በድንገተኛ ኀይል በመቱበት ጊዜ ይለመጣል፥ ይጠማዘዛልም። የሚቸኵል ሰው ምንም ብርቱ ቢሆን ኳሱ ወደ ፈለገው ስፍራ አይሄድለትም ነበር። በዝግታ ጀምሮ ኀይሉን ቀስ በቀስ የሚጨምር ሰው ግን፥ ክንዱ ቀጭን ቢሆንም እንኳ፥ ኳሱን አርቆ ይሰደው ነበር።

የጎልፍ ተጫዋቾች ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን በጨዋታና በማስተማር እንጀራውን የሚያገኝ ነው፤ እርሱም ባለ ሙያ ይባላል። ሁለተኛው ወገን ዋጋ ሳይቀበል ስለ ጨዋታው ፍቅር ብቻ የሚጫወት ነው፤ እርሱም አማተር ይባላል። በዚህ ታሪክ መምህሩ ባለ ሙያ ነበር፤ ተማሪው ግን የውድድር ዘመኑን ሁሉ አማተር ሆኖ ፈጸመ።

፫

ሮበርት ታይር ጆንስ በ1902 ዓመት በማርች ወር በ17ኛው ቀን በአሜሪካ አገር፥ በጆርጂያ ክፍል፥ በአትላንታ ከተማ ተወለደ። ሰዎች ሁሉ ግን ቦቢ እያሉ ይጠሩት ነበር። አባቱ የሕግ ጠበቃ ነበር። ቦቢ በሕፃንነቱ እጅግ ደካማ ነበረ፤ ሆዱ ምግብ አልቀበል ስላለው እስከ አምስት ዓመቱ ገደማ ጠንካራ ምግብ ለመብላት አልቻለም። ራሱ ትልቅ፥ እግሩ ቀጭን፥ መልኩም የገረጣ ስለ ነበረ ወላጆቹ ስለ እርሱ አብዝተው ይጨነቁ ነበር።

በ1907 ዓመት በሙቀት ወራት ወላጆቹ ልጁ ንጹሕ አየር ያገኝ ዘንድ ከከተማ ወጥተው ኢስት ሌክ በሚባል ስፍራ ተቀመጡ። በዚያም የጎልፍ ሜዳ ነበረ። አንድ ትልቅ ሰው ለቦቢ እጀታው ተቈርጦ ያጠረ አሮጌ ዱላ ሰጠው። ልጁም ከጓደኛው ጋራ በቤቱ ፊት ባለው መንገድ ላይ፥ በአቧራ ውስጥ፥ ኳስ ይመታ ጀመር። ኳሱ በጠፋ ጊዜ ያለቅስ ነበር ይባላል። በዚህ መስክ ሲሮጥ እየዋለ ሰውነቱ ቀስ በቀስ በረታ።

፬

በሚቀጥለው ዓመት በ1908 ከስኮትላንድ አገር አንድ ሰው ወደ ኢስት ሌክ መጣ። ስሙም ስቱዋርት ሜይደን ይባል ነበር። በዚያ ሜዳ ያስተምር የነበረው ወንድሙ ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ሄደ በእርሱ ምትክ ገባ። ሜይደን የተወለደው ካርኑስቲ በምትባል በባሕር ዳር ባለች ከተማ ነው። ይህች ከተማ ነፋስ የሚበዛባትና ጎልፍን ከጥንት ጀምራ የምታውቅ ስለ ሆነች፥ ከእርስዋ ብዙ የጎልፍ መምህራን ወጥተው ወደ አሜሪካ ሄደዋል።

ሜይደን ቁመቱ አጭር፥ ንግግሩም ጥቂት ነበረ። የሚመታውም እንደ ጠባዩ ነበር፤ አይቸኵልም፥ አያበዛም። ዱላውን በዝግታ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ወገቡንና ትከሻውን አንድ ላይ ያዞራል፤ ከዚያም ሳይነጥቅ ያወርደዋል። ለሚያየው ሰው ድካም የሌለበት ሥራ ይመስል ነበር።

ስድስት ዓመት የሆነው ቦቢ ይህን ሰው ባየ ጊዜ ልቡ ተማረከ። ሜይደን ወደ ሜዳ ሲወጣ ልጁ ከኋላው ይከተል ነበር። አይጠይቀውም፥ አያስቸግረውምም፤ ዝም ብሎ ያያል። ሜይደንም ልጁን አላባረረውም፤ ነገር ግን ጠርቶ አላስተማረውም። አራት ወይም አምስት ጉድጓድ ያህል ከተከተለው በኋላ ቦቢ ወደ ቤቱ ይመለስና ባርኔጣውን ኳስ ሞልቶ ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው ወደ 13ኛው ጉድጓድ ይሄዳል። በዚያም ያየውን ሁሉ እስኪመሽ ድረስ ይሞክር ነበር። ኳሶቹን ወደ ጉድጓዱ አቅራቢያ ይመታል፥ አንድ በአንድ ያገባቸዋል፥ ከዚያም ሰብስቦ እንደ ገና ይጀምራል።

ቦቢ የሌሎችን ሰዎች ሁኔታ መምሰል የሚያውቅ ልጅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የአባቱ ወዳጆች ይሰበሰቡና የአንዱን ወይም የሌላውን አመታት አሳየን ይሉት ነበር፤ እርሱም ሲያሳያቸው እጅግ ይሥቁ ነበር። የሌሎቹን አመታት ግን የሚመስለው ለሣቅ ነበር። የሜይደንን አመታት ሲመስል ግን የራሱ አደረገው።

፭

እንግዲህ ይህ ትምህርት ምን ፍሬ እንዳፈራ ተመልከቱ። ብዙ መምህራን ተማሪውን ራስህን አታንቀሳቅስ፥ ክርንህን ዘርጋ፥ ጕልበትህን እጠፍ እያሉ ዐሥር ነገር በአንድ ጊዜ ይነግሩታል። ተማሪውም ዐሥሩን ሲያስብ ኳሱን ይረሳዋል። ቦቢ ግን አመታቱን በቃል ተከፋፍሎ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሆኖ ስላየው፥ አንድ አድርጎ ተቀበለው። እንደ ሜይደን እግሮቹን አቀራርቦ ይቆም ነበር፤ እንደ ሜይደን በዝግታ ይጀምር ነበር፤ እንደ ሜይደን ኳሱ ፊት ብዙ ሳይቆይ ይመታ ነበር። አድጎ ሳለ ሜይደንን ከስኮትላንድ ያውቀው የነበረ አንድ ሰው ቦቢን ከሩቅ ሲጫወት አይቶ ሜይደን መስሎት እንደ ነበረ ይነገራል።

ሜይደን ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን ትምህርቱን አላበዛም። ጆንስ አመታቱ በተበላሸበት ጊዜ መምህሩን ያስጠራው ነበር። ሜይደንም መጥቶ ዝም ብሎ ጥቂት ምት ያያል፤ ከዚያም አንዱን እግር ትንሽ ወደ ኋላ እንዲያደርግ ወይም ትከሻውን እንዲያቀና ይነግረዋል። ጆንስ ሌላ ምን ላድርግ ብሎ ቢጠይቅ፥ ኳሱን በኀይል ምታው እንጂ ሌላ የለም ብሎ ትቶት ይሄድ ነበር።

ይህ መምህር ጥበበኛ ነበር። ጆንስ አመታቱን እንዳልረሳው፥ ነገር ግን አቋቋሙ እንደ ተናጋ ዐወቀ። አቋቋሙ የተጣመመ ሰው አመታቱ ሊቀና አይችልምና፥ ሥሩን አቅንቶ ቅርንጫፉን ተወው። ከአያያዝ ይቀደዳል ብለው አባቶቻችን እንደ ተረቱት ነው። ደግሞም ብዙ ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ተማሪው በሜዳው መካከል የሚያስበው ነገር በዝቶበት ይደናገር ነበር።

፮

ከሜይደን የተማረው ቦቢ ብቻ አልነበረም። በኢስት ሌክ አሌክሳ ስተርሊንግ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከቦቢም በዕድሜ ትበልጥ ነበር። እርስዋም የዚህን መምህር አመታት ተምራ በ1916፥ በ1919ና በ1920 ዓመት የአሜሪካን የሴቶች አማተር ውድድር አሸነፈች። ከአንድ ሜዳና ከአንድ መምህር ሁለት እንዲህ ያሉ ተማሪዎች መውጣታቸው የመምህሩን ሙያ ያስረዳል።

ቦቢ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ ለአራት ልጆች ትንሽ ውድድር ተደርጎ ነበር። ስድስት ጉድጓድ ከተጫወቱ በኋላ ውድድሩን ያዘጋጁት ሴት ትንሽዋን ዋንጫ ለቦቢ ሰጡት። እርሱም ደስ ብሎት ዋንጫይቱን ይዞ ተኛ። ነገር ግን ካደገ በኋላ በእውነት ያሸነፈችው አሌክሳ እንደ ነበረች ይናገር ነበር። ዋንጫዎቹ ብዙ በሆኑለት ጊዜ እንኳ ይህን መመስከር አልተወም።

፯

ቦቢ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የሜዳውን የልጆች ውድድር አሸነፈ። በ1916 ዓመት፥ ገና 14 ዓመት ሲሆነው፥ የጆርጂያን አማተር ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ አጠገብ ባለው በሜሪየን ሜዳ ወደሚደረገው ወደ አገሩ ሁሉ አማተር ውድድር ሄደ። ከትልልቅ ሰዎች ጋራ ተጋጥሞ ሁለቱን ካሸነፈ በኋላ በሦስተኛው ተሸነፈ። ሰዎችም ሁሉ በአመታቱ ማማር ተደነቁ።

ነገር ግን ሌላም ነገር አዩ። ቦቢ ኳሱን በሳተ ጊዜ ይቈጣ ነበር። ፊቱ ይቀላል፥ ክፉ ቃል ይናገራል፥ ዱላውንም አንሥቶ ይወረውራል። በሰው ላይ አይቈጣም ነበር፤ የሚቈጣው በራሱ ላይ ነበር። አመታቱ ፍጹም እንዲሆን ይፈልግ ነበርና ጥቂት ጉድለት ባየ ጊዜ አይታገሥም ነበር። ነገር ግን ቍጣ በራስ ላይ ቢሆንም ቍጣ ነው። አንዱን ምት ያበላሸ ሰው ስለ እርሱ እየተቈጣ የሚቀጥለውን ምት ያበላሻል። እጅ በቍጣ ጊዜ ይጠነክራል፥ ዱላውም ይፈጥናል፤ ያ በዝግታ የተማሩት አመታትም ይጠፋል።

ከ1916 እስከ 1922 ዓመት ድረስ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጆንስ ከሚጫወቱት ሁሉ ይልቅ አመታቱ የሚያምር እርሱ ነው እየተባለ፥ ከታላላቆቹ ውድድሮች ግን አንዱን እንኳ አላሸነፈም። የመምህሩን እጅ ወርሶ ነበር፤ የመምህሩን ዝግታና ትዕግሥት ግን አልወረሰም ነበር።

፰

በ1921 ዓመት ጆንስ 19 ዓመት ሲሆነው ባሕር ተሻግሮ ወደ ስኮትላንድ ሄደ። በሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ሜዳ እጅግ የቈየና የከበረ ነው። በዚያም የብሪታንያ ክፍት ውድድር ይደረግ ነበር። ክፍት የተባለውም ለባለ ሙያዎችና ለአማተሮች ስለ ተከፈተ ነው። በሦስተኛው ዙር ነፋሱ ጸናበት፥ ጨዋታውም ተበላሸበት። በ11ኛው ጉድጓድ ኳሱ አሸዋ ከሞላበት ጐድጓዳ ስፍራ ገባ። ጥቂት ጊዜ መትቶ ሊያወጣው ስላልቻለ ተናደደ፤ ኳሱንም አንሥቶ ውድድሩን ተወ። በጎልፍ ሥርዐት ተጫዋች የጀመረውን ሳይፈጽም መተው ነውር ነው። ጆንስም ስለዚህ ሥራ ዕድሜውን ሁሉ ያፍር ነበር።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ውድድር ጆንስ ተቈጥቶ ዱላውን ወረወረ። ዱላውም ነጥሮ ከሚመለከቱት ሰዎች መካከል የአንዲት ሴትን እግር መታ። የጎልፍ ማኅበር ሹምም ጠባዩን ካላረመ ማኅበሩ በሚያደርገው ውድድር ሁሉ ዳግመኛ እንዳይጫወት እንደሚከለከል ጽፎ አስጠነቀቀው።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሜይደን ሊረዳው አልቻለም። መምህር እግርን ያቀናል፥ እጅንም ያሳያል፤ የሰውን ቍጣ ግን ከሆዱ አውጥቶ ሊጥልለት አይችልም። ይህን ሥራ ጆንስ ራሱ ሊሠራው የተገባ ሆነ። እርሱም ዋና ተቃዋሚው አብሮት የሚጫወተው ሰው ሳይሆን የገዛ ልቡ እንደ ሆነ ዐወቀ። ከዚህ በኋላ ከሌላው ሰው ጋራ ሳይሆን ከሜዳው የምት ቍጥር ጋራ ብቻ እንደሚወዳደር አድርጎ መጫወትን ተማረ። አንድ ምት በተበላሸበት ጊዜ ያለፈው አለፈ ብሎ የሚቀጥለውን ብቻ ያስብ ጀመር። ቍጣው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሎሌው ሆነ እንጂ ጌታው መሆኑ ቀረ።

፱

በ1923 ዓመት በኒው ዮርክ አጠገብ በኢንዉድ ሜዳ የአሜሪካ ክፍት ውድድር ተደረገ። ጆንስ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ተሳስቶ ምት አባከነ፤ ስለዚህም ቦቢ ክሩክሻንክ ከሚባል ከስኮትላንድ ከመጣ ባለ ሙያ ጋራ እኩል ሆነ። በማግስቱም ሁለቱ ብቻ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ። እስከ 17ኛው ጉድጓድ ድረስ እኩል ነበሩ።

በ18ኛው ላይ የጆንስ ኳስ ሣር ከሌለበት ደረቅ መሬት ላይ ወደቀ። በፊቱም ውሃ ነበረ፤ ጉድጓዱም ከውሃው ማዶ 170 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ቢስት ኳሱ ከውሃ ይገባል፤ ሰባት ዓመትም ስምንት ይሆናል። ጆንስ ብዙ አላሰበም። በልጅነቱ ከሜይደን እንዳየው ዱላውን መዘዘ፥ ቆመ፥ መታ። ኳሱም ውሃውን ተሻግሮ ከጉድጓዱ አቅራቢያ ዐረፈ። ጆንስም በ76 ምት ጨረሰ፤ ክሩክሻንክ በ78። ሜይደን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ያይ ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው በዚያች ሰዓት ራሱን ረስቶ በገለባ ባርኔጣው አጠገቡ የነበረውን የጆንስን ዱላ ተሸካሚ በደስታ እንደ መታው ይነገራል። መምህር በተማሪው ሥራ ሲደሰት ዕድሜው ይረሳዋል።

፲

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1925 በዉስተር ሜዳ በአሜሪካ ክፍት ውድድር አንድ ነገር ሆነ። ጆንስ በመጀመሪያው ዙር በ11ኛው ጉድጓድ አጠገብ ኳሱ ከረጅም ሣር ገባ። ሊመታ ዱላውን ሲያዘጋጅ ኳሱ በጥቂት ተንቀሳቀሰ። በዚያ ዘመን በነበረው የጨዋታው ሕግ እንዲህ የሆነበት ሰው በራሱ ላይ አንድ ምት ይጨምር ነበር። የኳሱን መንቀሳቀስ ግን ከጆንስ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ዳኞቹም ጠይቀው ምስክር ስላጡ ፍርዱን ለእርሱ ተዉለት። እርሱም ያለ ማመንታት አንዱን ምት በራሱ ላይ ጻፈ።

ውድድሩ በተፈጸመ ጊዜ ጆንስ ዊሊ ማክፋርሌን ከሚባል ባለ ሙያ ጋራ እኩል ሆነ። ያን አንድ ምት ባይጽፍ ኖሮ ያን ጊዜውኑ አሸናፊ ይሆን ነበር። በማግስቱ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ፤ ዳግመኛም እኩል ሆኑ። ሌላ 18 ጨምረው ተጫወቱ፤ በዚያም ማክፋርሌን በአንድ ምት አሸነፈ። ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ባመሰገኑት ጊዜ ጆንስ ምስጋናውን አልተቀበለም፤ ያልሰረቀ ሰው ስላልሰረቀ አይመሰገንም የሚል አሳብ ነበረውና።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውሉ። አመታቱን ሜይደን አስተማረው፤ ማንም ሳያየው እውነትን መጻፍ ግን ከልቡ የወጣ ነው።

፲፩

ከዚህ በኋላ ጆንስ ብዙ አሸነፈ። በ1926 ዓመት የብሪታንያንና የአሜሪካን ክፍት ውድድር በአንድ ዓመት ወሰደ። በ1927 ወደ ሴንት አንድሩስ ተመልሶ፥ ከስድስት ዓመት በፊት ተናዶ በተወው ሜዳ ላይ የብሪታንያን ክፍት ውድድር አሸነፈ። ሕዝቡም በትከሻቸው ተሸከሙት። እርሱ ግን ዋንጫውን ወደ አሜሪካ ከመውሰድ ይልቅ በዚያው በሴንት አንድሩስ እንዲቀመጥ ለመነ። በዚህም የቀድሞውን ነውር በትሕትና ሸፈነው።

በ1930 ዓመት ከእርሱ በፊት ማንም ያልፈጸመውን ፈጸመ። በሴንት አንድሩስ የብሪታንያን አማተር፥ በሆይሌክ የብሪታንያን ክፍት፥ በሚኒያፖሊስ አጠገብ የአሜሪካን ክፍት፥ በመጨረሻም በ14 ዓመቱ በጀመረበት በሜሪየን ሜዳ የአሜሪካን አማተር ውድድር አሸነፈ። አራቱንም በአንድ ዓመት አሸነፈ። ከ1923 ጀምሮ ያሸነፋቸው እነዚህ ታላላቅ ውድድሮች 13 ሆኑ። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከውድድር መውጣቱን አስታወቀ።

ጆንስ በዚህ ሁሉ ጊዜ ትምህርቱን አልተወም ነበር። በ1922 የምሕንድስና ትምህርት በጆርጂያ ፈጸመ፤ በ1924 በሃርቫርድ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ፈጸመ፤ ከዚያም ሕግ ተምሮ እንደ አባቱ ጠበቃ ሆነ። በዓመት የሚጫወታቸው ውድድሮች ጥቂት ነበሩ፤ ቀሪውን ጊዜ ለቤተ ሰቡና ለሥራው ሰጠው።

፲፪

ከውድድር ከወጣ በኋላ ተማሪው በተራው መምህር ሆነ። በ1931 ዓመት 12፥ በ1933 ደግሞ 6 አጫጭር የትምህርት ፊልሞች ሠራ። በእነዚህ ፊልሞች ዱላው ሲነሣና ሲወርድ እጅግ በዝግታ ይታያል፤ ወገቡ እንዴት እንደሚዞር፥ እጁም እንዴት እንደሚከተል ሰው ሁሉ ሊያስተውለው ይችላል። ስለዚህ ጆንስን በአካል ያላዩት፥ ከሞተም በኋላ የተወለዱት፥ አማተሮችም ባለ ሙያዎችም ቢሆኑ፥ ዛሬ አመታቱን በዐይናቸው ለመማር ይችላሉ። ትንሹ ቦቢ ሜይደንን ከኋላ እየተከተለ እንዳየው፥ እነርሱም ያዩታል። እንዲህ በካርኑስቲ ነፋስ የተጀመረ አመታት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ደግሞም ጆንስ አሊስተር መከንዚ ከሚባል ሐኪምና የሜዳ ሠሪ ጋራ በኦጋስታ ከተማ የጎልፍ ሜዳ አቆመ። ከ1934 ዓመት ጀምሮ በዚያ ሜዳ ማስተርስ የተባለው ታላቅ ውድድር ይደረጋል።

፲፫

በ1948 ዓመት ጆንስ በከባድ ደዌ ተያዘ። ደዌው በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ያለውን የጅማት ገመድ የሚያበላሽ ነበር። ያ የሚያምር አመታት የነበረው ሰው ዳግመኛ ጎልፍ ሊጫወት አልቻለም። በመጀመሪያ በምርኩዝ ሄደ፤ ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀመጠ። እጆቹም ብዕር ለመያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ደከሙ። ሕመሙ ከ20 ዓመት በላይ ቈየ። በወጣትነቱ ስለ አንድ የተሳተ ምት ዱላ ይወረውር የነበረው ሰው፥ ሰውነቱ ሁሉ በተወሰደበት ጊዜ አላጕረመረመም። ከእጅ የተማረው ተወሰደ፤ ልቡ የተማረው ግን ቀረለት።

በ1958 ዓመት የሴንት አንድሩስ ከተማ ሰዎች ጠርተው የከተማቸው ሰው አደረጉት። ይህ ክብር በ1759 ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ከተሰጠ ወዲህ ለሌላ አሜሪካዊ አልተሰጠም ነበር። ጆንስ በ1971 ዓመት በዲሴምበር ወር በ18ኛው ቀን በ69 ዓመቱ በተወለደበት በአትላንታ ከተማ ዐረፈ። በሴንት አንድሩስ ሜዳ 10ኛው ጉድጓድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበርም ከ1955 ዓመት ጀምሮ በጨዋታ መልካም ጠባይ ላሳየ ሰው በጆንስ ስም የተጠራ ሽልማት ይሰጣል። በመጀመሪያ በቍጣው ምክንያት ሊከለክለው የተቃረበው ማኅበር ይኸው ነው።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፥ መልካም የሚሠራ ሰው ባገኛችሁ ጊዜ ዝም ብላችሁ ከኋላው ተከተሉ፥ ሥራውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመልከቱ፤ ወደ ቤታችሁም ተመልሳችሁ ሞክሩ። የምታዩትን ትመስላላችሁና የምታዩትን ምረጡ። ሁለተኛ፥ መምህራችሁ ፊደሉን ያሳያችኋል፥ እጃችሁንም ይዞ ያጽፋችኋል፤ ነገር ግን ስትሳሳቱ መታገሥን፥ ማንም ሳያያችሁም እውነትን መሥራትን ስለ እናንተ ሊማርላችሁ አይችልም። ይህን እያንዳንዱ ለራሱ ይማራል፤ ከእጅ ሙያ ሁሉ ይልቅም የሚቈይ እርሱ ነው።